የትንሿ ባሕር ሙቀት

ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ያለው የነስሩ ሱቅ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፤ ረፋዱ ላይ የሙቀት ሳይረን ሲጮህ ይዘጋል። ትንግርት ተራዋ ሲደርስ ቤት የተለማመደችውን ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። ትንሽ ማቀዝቀዣ ትፈልጋለች። ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ድምፁም መረበሽ የለበትም፤ ይደነግጣሉ።

ነስሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፈገግ አለ። መቼ እንደሚጠበቁ ጠየቃት፤ ሰኔ ሳያልቅ አለችው። ስንት እንደሆኑ ጠየቃት፤ ሁለት አለችው።

«መንታ» አለ ነስሩ ወደ ሰልፉ ዞሮ። «ማሻአላህ። እህቴ፣ ለአራስ ከሆነማ ሰልፍ ምን ያቆምሻል?»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ቦታ ለቀቁላት። አንዷ ሆዷን አይታ ምንም አይታወቅባትም አለች፤ ሌላዋ የመጀመሪያ ሲሆን እንደዚያ ነው ብላ መለሰችላት። ነስሩ ከጓዳ ነጭ የጨቅላ ሳጥን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ክዳኑ ላይ ቀጭኔ ተስሎበታል። በከተማው የሚወለድ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው እንዲህ ባለ ሳጥን ውስጥ ነው። ትንግርት ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ግን አንዲት አሮጊት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው ይመርቋት ጀመር። ምርቃት ማቋረጥ ስላልሆነላት እስኪያልቅ ጠብቃ አሜን አለች። ሁለተኛዋ ሴት ተቀበለችና መረቀቻት። እንደገና አሜን አለች።

«ዓሦች ናቸው» አለች በመጨረሻ።

«ምኖቹ?»

«ሁለቱ። የጨው ውኃ ዓሦች። ማቀዝቀዣው ለገንዳ ነው።»

ከዚያ ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሰው፣ «አቦ ነስሩ፣ እኔንም ዓሣ ብለህ መዝግበኝ» አለና ሁሉም ሳቀ። አሮጊቷ አልሳቁም፤ እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ አነሱ። ነስሩ የጨቅላ ሳጥኑን ወደ ጓዳ መልሶ ሲመጣ ፊቱ የነጋዴ ፊት ሆኖ ነበር።

ሦስት ዓይነት እንዳለ ነገራት። አንደኛው ማራገቢያ ነው፤ የውኃውን ፊት እየመታ ያበርዳል። አባቱ ሱቁን በያዙበት ዘመን ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን የቤቱ አየር ራሱ ስለሚፈላ ውኃውን ከማትነን በቀር የሚፈይደው የለም። ሁለተኛው ሞተር የሌለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ለአንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ሦስተኛው ባለ ሞተር ነው። እሱ በእርግጥ ያበርዳል። ከውኃው የሚያወጣውን ሙቀት ግን ከጀርባው ባለው ቱቦ ይተፋዋል፤ የራሱንም የሞተር ሙቀት ይጨምርበታል። ቱቦው ሁለት ክንድ ያህል ነው፤ ከዚያ ከረዘመ ሞተሩ አይገፋውም።

«ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ» አለ። «ሙቀቱን የት ትጥይዋለሽ?»

አስባ እንደምትመለስ ነግራው ወጣች።

ጉዳዩ የአባቷ ነበር። አቶ ዘርጋው ሠላሳ ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። የሕንፃው ሰው ካፒቴን ይላቸዋል። እሳቸው በየጊዜው ካፒቴን አይደለሁም፣ ሞተረኛ ነኝ እያሉ ያርማሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ሥራቸው ከውኃው ወለል በታች ስለነበረ ባሕሩን አይተውታል ለማለት ያስቸግራል። ባሕርን የማውቀው በጆሮዬ ነው ይላሉ፣ ከብረቱ ወዲያ ሲላጋ። ጡረታ ሲወጡ አንድ የባሕር ዳር ከተማ ሄደው ቁጭ ብለው ሊያዩት አስበው ነበር። ያኔ ግን ቀይ ባሕር ሞቆ ከውስጡ የሚታይ ነገር እምብዛም አልተረፈም።

የባሕር አደራ የሚባለው ቢሮ የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሞተው መሐል የተረፈውን ኮራል፣ ያን ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረት፣ ጣት ጣት እያሳከለ ይቆርጥና ከሁለት ትንንሽ ዓሦች ጋር በባቡር ወደየከተማው ይልካል። ተቀባዩ ቤተሰብ ባሕሩ በርዶ መልሱ እስኪባል ድረስ ያኖራቸዋል። መቼ እንደሚባል የሚያውቅ የለም። እስከዚያው ባሕሩ ተከፋፍሎ በሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል።

አቶ ዘርጋው ተመዝግበው ዓመታት ጠብቀዋል። ተራቸው የደረሰው ዘንድሮ ግንቦት ላይ ነው። በሰኔ መጨረሻ ሰባ ዓመት ይሞላቸዋል፤ ሰባ ለሞላው ሰው ደግሞ አደራ አይሰጥም፤ ኮራል ከሰው በላይ ይኖራልና። ስለዚህ ከዚያ በፊት ተቆጣጣሪ መጥቶ ዕቃውን ካላየና ውኃው ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ መርጋቱን ካላረጋገጠ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል። ለአቶ ዘርጋው ሌላ ተራ የለም።

ዕቃ የመምረጡ ሥራ በትንግርት ላይ የወደቀው ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ነው። የተማረችው ስታትስቲክስ ነበር። አባቷ ልዩነቱ አልታያቸውም።

መጀመሪያ የተሸነፈችው በገንዳው ነው። ያነበበችው ሁሉ ጀማሪ ትልቅ ገንዳ ይግዛ ይላል፤ ብዙ ውኃ የሚሞቀውም የሚበላሸውም ቀስ ብሎ ነውና። የሕንፃው ደንብ ደግሞ ከስድሳ ሊትር በላይ ውኃ በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ አይፈቅድም፤ ወለሉ አርጅቷል። ቶሎ የሚሞቀውን፣ ቶሎ የሚበላሸውን፣ ለጀማሪ የማይመከረውን ስድሳ ሊትር ገዛች።

ቀጥሎ ፓምፕ መጣ። ውኃውን የሚያዘዋውር አንድ ትንሽ ፓምፕ መርጣ ለአባቷ አሳየቻቸው። አቶ ዘርጋው ፓምፑን አገላብጠው፣ አሽትተው፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲያበቁ ጓደኛውስ የት አለ አሏት።

«አባዬ፣ ገንዳው እኮ ስድሳ ሊትር ነው። ሁለት ፓምፕ ከገባ ዓሦቹ እንደ ልብስ ይታጠባሉ።»

«አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይጠብቃል። ባሕር ላይ ከአንድ ነገር አንድ ብቻ ያለው ሰው ምንም የለውም።»

«ይሄ ባሕር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ።

ሁለተኛውን ገዛች። መብራትም ሁለት ሆነ፤ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ማጣሪያም መለዋወጫ ሞተር ተገዛለት። ችግሩ ለጥንቃቄ የሚጨመረው ሁሉ ውኃውን ማሞቁ ነበር። ፓምፑ ያሞቃል፣ መብራቱ ያሞቃል። መብራቱን ብትቀንስ በብርሃን የሚኖረው ኮራል ይራባል። ፓምፑን ብታቆም ውኃው ይታፈናል። እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ስታየው ትክክል ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ገንዳው ድስት ይሆናል።

ጨው ላይ ደግሞ ተጣሉ። የባሕር ጨው የሚባለው ድብልቅ በትንንሽ ባልዲ ታሽጎ ከሩቅ የሚመጣ ነው። አቶ ዘርጋው ባልዲውን አይተው፣ የአፍዴራ ጨው አፍንጫው ሥር እያለ ከሰው አገር ጨው የሚያስመጣ ሰው ምን ይባላል አሉ። ትንግርት ኮራል ከጨው ሌላ ካልሲየምና ማግኒዥየም እንደሚፈልግ፣ የወጥ ጨው ውስጥ እነሱ በበቂ እንደማይገኙ አስረዳች። ጨው ጨው ነው አሉ። በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ ገንዳው በአፍዴራ ጨው ውኃ ግጥም ብሎ ሞልቶ አገኘችው። አባቷ የጨው መለኪያውን ይዘው ይጠብቋት ነበር። መለኪያው ትክክል ነው ይላል። የካልሲየሙን መለኪያ ስትነክረው ግን ምንም አላነበበም። የድሬ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት እሱን አጣርቶ አንድ ባልዲ ንጹሕ ለማግኘት ሦስት ባልዲ ይደፋል፤ ስድሳ ሊትር የብዙ ቀን ድርሻቸው ነበር። ሁሉንም ቀድታ ደፋችው። ወለል ሊያጥቡበት ሞክረው ወለሉ ሲደርቅ ነጭ ሆነ። አቶ ዘርጋው ሁለት ቀን አላናገሯትም፤ በሦስተኛው ቀን የባሕር ጨዉን ባልዲ ራሳቸው ከፍተው ሰፈሩላት።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የቀረው የነስሩ ጥያቄ ነበር።

የሕንፃው የውጭ ግድግዳ በሙቀት መከላከያ ንጣፍ የታሸገ ነው፤ አንድ ሚስማር መምታት ያስቀጣል። መስኮቶቹም ከታሸጉ ቆይተዋል። ቤቶቹ የሚከፈቱት ወደ አንድ ረጅም ኮሪደር ብቻ ነው። ኮሪደሩ ከቤቶቹ ሁሉ ይበርዳል። ረፋዱ ላይ ሳይረኑ ሲጮህ ሁሉም ካለበት ይመለስና ፍራሹን አውጥቶ እዚያ ይዘረጋል። ከበር እስከ በር እግር በእግር ሆነው ሁለተኛው ሳይረን አመሻሽ ላይ እስኪለቃቸው ይተኛሉ። ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ስለ ዱባ ዋጋ ያወራል። በዚያ ሰዓት ቤቱን ዘግቶ ውስጥ የሚተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከጎረቤት ተጣልቷል ማለት ነው።

በትንግርት ቤት በር ፊት ለፊት የሚተኙት አቶ ደምሰው ናቸው። ሌሊቱን ባቡር ሲያራግፉ አድረው ስለሚመጡ ከዚያ ሌላ የመኝታ ሰዓት የላቸውም።

እሑድ አመሻሽ ላይ የብርድ ዕቁብ ነበር። ለየቤቱ የሚታደለው የማቀዝቀዣ ኃይል፣ ሰዉ ብርድ የሚለው፣ ለብቻው ሲሆን አንድ ክፍል እንኳ አያበርድም። ስለዚህ ሁሉም ከድርሻው ግማሹን ለዕቁቡ ያዋጣል። ዕጣ የወጣለት ቤት ሳምንቱን ሙሉ ይበርዳል። የዚያ ቤት ሰዎች ከሣጥን ጋቢ አውጥተው ይለብሳሉ፤ ጎረቤት በየተራው ገብቶ ይቀመጣል፤ ልጆች እየተንቀጠቀጡ ይሳሳቃሉ። የትንግርት ሐሳብ የቀረላቸውን ግማሽ ድርሻ ለማቀዝቀዣው ሞተር ማዋል ነበር። የራሳቸው ክፍል ያለ ብርድ ይቀራል፤ አባቷ በዚህ ተስማምተዋል። ቱቦውን ግን ኮሪደሩ ላይ ማውጣት የሁሉንም ፈቃድ ይጠይቃል።

ዕጣው ከወጣ በኋላ ተነስታ ተናገረች። ድምፅዋ አልሰማ ብሏቸው የዕቁቡ ዳኛ እትዬ ዘይነባ ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ቱቦው ሞቃት አየር እንደሚያወጣ፣ ቀኑን ሙሉ እንደማይቋረጥ፣ ካልተመቻቸው ሌላ ዘዴ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ሌላ ዘዴ አልነበራትም።

«ምን ችግር አለው» አሉ አቶ ደምሰው። «ለካፒቴን ያልሆነ ኮሪደር ለማን ሊሆን ነው?»

እትዬ ዘይነባ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሌላውም በየተራው ምን ችግር አለው አለ። አንድም ሰው የቱቦውን ስፋት አልጠየቀም። አንድም ሰው አየሩ በየት በኩል እንደሚወጣ አልጠየቀም። ትንግርት መልሱን ያወቀችው በዚህ ነው። የተስማማ ሰው ይጨቃጨቃል፤ ወደ ላይ አድርጊው፣ ወደ ደረጃው አዙሪው ይላል። ዝም ብሎ ምን ችግር አለው የሚል ሰው እምቢ ማለት ያቃተው ነው።

አቶ ዘርጋው ግን ቤት ሲገቡ ደስ ብሏቸው ነበር።

«ፈቀዱ እኮ።»

«አልፈቀዱም አባዬ።»

«በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ይሉኝታ ይዟቸው ነው። አቶ ደምሰው ፊታቸውን አላየኸውም?»

«ሰው አዎ ሲለኝ ፊቱን ምን ልሁን ብዬ አያለሁ?» አሉ። «እምቢ ያላለን ሰው እምቢ ብሏል እያልሽ ከኖርሽ፣ ልጄ፣ ከማንም ጋር አትኖሪም።»

ማቀዝቀዣውን ገዛች። ነስሩ ሙቀቱን የት እንደምትጥለው አልጠየቃትም። ቱቦውንም ኮሪደር አላወጣችውም።

ቀጣዮቹ ቀናት ሙከራ ነበሩ። ብርድ አይሠራም፤ ሙቀት ይዛወራል እንጂ። ይህን አንደኛ ዓመት ላይ ተምራው ነበር፤ ያኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ ነበር። ቱቦውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ልብሱ ከብረት ምጣድ የወረደ ይመስል ጋለ። አልጋ ሥር አደረገችው፤ ፍራሹ መሽተት ጀመረ። መታጠቢያ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች፤ መጸዳጃው ላይ መቀመጥ አልተቻለም። አቶ ዘርጋው እርጥብ ፎጣ ተከናንበው ሞተሩ አጠገብ ይቀመጡና ድምፁን እያዳመጡ ይነግሯታል፤ አሁን ተጨነቀ፣ አሁን የራሱን ትንፋሽ መልሶ ሳበ። ልክ ነበሩ። ሞተሩ የተፋውን ሙቀት መልሶ እየሳበ ሄዶ ሄዶ ይደክማል። ጠዋት ሃያ ስድስት የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ሃያ ዘጠኝ ይገባል። ክፍሉ ስንት እንደሚገባ ለመለካት አላሰበችም፤ ያንን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ቱቦውን አውጪው» ይሏታል አባቷ።

«ነገ።»

«ነገ ሰኔ አይረዝምም።»

በገንዳው ምክንያት እንዲህ ስትለፋ ምን እንደሚያናድዳት ለይታ አታውቀውም ነበር። አንዳንዴ ሞተሩ ነው። አንዳንዴ አባቷ፤ የሚባሉትን ሁሉ እንደተባለ ስለሚያምኑ። ይበልጡን ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አይሆንም ቢላት ትገላገል ነበር። ደረጃ ላይ ሲያገኟት ዓሦቹ መቼ ይመጣሉ ብለው ይጠይቋታል። አቶ ደምሰው እንኳ አንድ ቀን ለቱቦው መስቀያ ይሆናል ብለው ከባቡር የወደቀ የብረት መንጠቆ አመጡላት። ተቀብላ አመሰገነች፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ስታሰላስል ዋለች።

ተቆጣጣሪዋ ሂክማ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ረፋዱ ላይ መጣች። በሥራዋ ፈጣን ናት። ጨዉን ለካች፣ ካልሲየሙን ለካች፣ መብራቱን በእጇ ጋርዳ አየች። ሁለቱን ፓምፖች ስታይ ይህን ያሰበ ሰው ዕቃ ያውቃል አለች፤ አቶ ዘርጋው ልጃቸውን ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ ቴርሞሜትሯን ውኃው ውስጥ ተወችና ቁጭ ብላ ጠበቀች። ደንቡ ከሳይረኑ በኋላ ያለውን ሙቀት ማየት ነው። ሳይረኑ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ሲጎተት ተሰማ። ክፍሉ ውስጥ ላቡ ከሂክማ አገጭ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ጠረገችው። የምትመዘግበው የውኃውን ነው።

ሃያ ሰባት ሆነ። ቆይቶ ሃያ ስምንት ተኩል ሆነ።

ሂክማ ተነስታ በሩን ከፈተችና የቱቦውን አፍ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ አዞረችው። ሞተሩ ድምፁ ተለወጠ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። እዚህ ውስጥ ከሆነ ማሳለፍ እንደማትችል፣ ኮሪደሩ ላይ ከሆነ ግን እንደምታሳልፍ ነገረቻቸው። የሚያስፈልገው የሰዉ ስምምነት ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆማ የተኙትን ጠየቀች።

«ምን ችግር አለው» አሉ አቶ ደምሰው ከፍራሻቸው ላይ ሆነው፣ ዓይናቸውን በክንዳቸው እንደሸፈኑ።

«ምን ችግር አለው» አሉ ሌሎቹ።

«አልተስማሙም» አለች ትንግርት።

የራሷ ድምፅ አስደነገጣት፤ ከዚያ በፊት በዚያ ኮሪደር ላይ ሰው ሳያስደግማት ተናግራ አታውቅም። ሂክማ ዞረች። ፍራሽ ላይ ያሉት ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ይሉኝታ ይዟቸው ነው እንጂ አልተስማሙም። አቶ ደምሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ ነው የሚያድሩት። ሌላ የሚተኙበት ሰዓት የላቸውም። አየሩ የሚነፋው ራሳቸው ላይ ነው።»

መውጫ በር ልትከፍትላቸው ነበር። ማንም ሊናገረው ያልቻለውን እሷ ከተናገረችው እነሱ ራሳቸውን መነቅነቅ ብቻ ይበቃቸዋል ብላ ነበር። ማንም ራሱን አልነቀነቀም። አቶ ደምሰው ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ።

«እኔ ውሸታም ነኝ?» አሉ።

«አይደለም፣ እኔ ማለቴ...»

«አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። በእሑድም ብያለሁ፣ ዛሬም ብያለሁ። እምቢ ስል ሰምተሽኛል?»

እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ መጡ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ የተዋረዱ ነበር የሚመስሉት።

«በእንግዳ ፊት ነው የምታሳጪን ትንግርት?» አሏት። «ይቺ ልጅ ሄዳ የዚህ ሕንፃ ሰው ለጎረቤቱ ትንፋሽ ነፈገ ብላ ታውራ? እኛ የካፒቴንን ዓሣ አንችልም?»

አቶ ዘርጋው ከቤት ወጡ። ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የአቶ ደምሰውን ፊት አዩ፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ዘይነባ ቀደሟቸው።

«ካፒቴን፣ አንተ ዝም በል። አልቋል።»

አቶ ዘርጋው ካፒቴን አይደለሁም አላሉም። እትዬ ዘይነባ ቱቦውን በራሳቸው እጅ ጎትተው አወጡት። አቶ ደምሰው መንጠቆውን ከበሩ በላይ መቱትና ሰቀሉት። ሞቃቱ አየር ፍራሻቸው ላይ ወረደ። ሂክማ ቁጥሩ ሃያ ስድስት እስኪገባ ጠበቀች፤ ገባ፤ አለፋችሁ አለች። ሰዉ አጨበጨበ። ጭብጨባው አጭር ነበር።

አደራው በባቡር የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ኮራሉ የተላጠ ጣት የመሰለ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነገር ነው፤ ማን ይሄን ብሎ ይለፋል የሚያሰኝ። ዓሦቹ ግን ከከረጢቱ ወጥተው ውኃው ውስጥ ሲገቡ መብራቱ ሰማያዊ አደረጋቸውና ትንግርት ለጥቂት ደቂቃ ንዴቷን ረሳች። አቶ ዘርጋው መጀመሪያ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ማየት ጀመሩ። ቁርስ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። አንደኛው ዓሣ ከኮራሉ ሥር ገብቶ ሲወጣ፣ ሲገባ ሲወጣ ተከተሉት። ክፍሉ እየሞቀ ሲሄድ ሸሚዛቸውን አወለቁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ለካ እንዲህ ዝም ያለ ነው» አሉ።

ሳይረኑ ሲጮህ ትንግርት በሩን ከፈተች።

ጎረቤቶቹ ፍራሻቸውን ዘርግተው ነበር። ከፊሉ በደረጃው በኩል፣ ከፊሉ በወዲያኛው ጫፍ ተጠጋግተዋል። ቦታ ስለጠበባቸው ሕፃናቱን ደረታቸው ላይ አስተኝተዋል። አቶ ደምሰው ደረጃው አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ተኝተዋል። መሐሉ፣ በእነ ትንግርት በር ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ቱቦው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ይነፋል። እትዬ ዘይነባ ካሉበት ሆነው እንደ ሁልጊዜው ሰላም አሏት፤ ዓሦቹ መልመዳቸውንም ጠየቁ። ለመዱ አለች ትንግርት። አልሐምዱሊላህ አሉ።

አባቷ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ወዲያም ወዲህም አዩ።

«ፍራሹን አምጪ» አሉ።

«ዛሬ ውስጥ ብንተኛስ አባዬ?»

«ውስጥ የሚተኛ የተጣላ ሰው ነው። እኛን ማን አጣላን?»

ትንግርት ፍራሾቹን አመጣች። ሁለቱን ከቱቦው ሥር ጎን ለጎን ዘረጓቸውና እስከ አመሻሹ ሳይረን ድረስ እዚያው ተኙ።